«ፋሲካ» ስንል ምን ማለታችን ነው? አያቴ መቃኑ ላይ የምትነካው ደም

የሜሪላንዷ (ጥያቄ)

ሰላም ቤተሰብ። እንኳን ለሆሣዕና ዋዜማ አደረሳችሁ።

ሥራ ቦታ አንዲት አይሁዳዊት ባልደረባ አለችኝ። ረቡዕ ለት፣ መጋቢት 23፣ ቀድማ ወጣች። «ዛሬ ማታ ፋሲካችን ይገባል» አለችኝ። «የኛም ደርሷል» አልኳት። ግራ ገባት። በእንግሊዝኛ የነሱ «ፓስኦቨር» ነው፣ የኛ «ኢስተር» ነው። ምንም የማይገናኙ ይመስላሉ። በኛ ቋንቋ ሁለቱም ፋሲካ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። «እናንተም ከግብፅ ወጥታችኋል እንዴ?» አለችኝ። ሳቅን። መልስ ግን አልነበረኝም።

ቤት ገብቼ ለልጄ ብነግረው እሱ ባሰ። ሰባት ዓመቱ ነው፣ ጥያቄ ከጀመረ አይለቅም። «ከግብፅ ካልወጣን ለምንድን ነው ፋሲካ የምንለው?» እያለ እራት አላስበላኝም።

ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጅ ሆኜ ደብረ ታቦር አካባቢ አያቴ ጋ ነበር የምንፈስከው። በጉ ሲታረድ አያቴ ጣቷን ደሙ ውስጥ ነከር ታደርግና የበሩን መቃን ትነካው ነበር። ያኔ ምንም አልመሰለኝም። ትናንት ዘጸአት 12ን ሳነብ ክው አልኩ።

እና እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። የክርስቲያኑን ፋሲካ ከኦሪቱ ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው? አያቴስ ያንን ነገር ከየት አመጣችው? ስድብ አልፈልግም፣ ጾም ላይ ነን።

ዲያቆኑ

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ልጅሽንም እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።

ከቃሉ ልጀምር። ዕብራይስጡ ፔሳሕ ነው። በአረማይክና በግሪክ በኩል አልፎ ግእዙ ፋሲካ አለው። ማለፍ፣ መሻገር ማለት ነው። ስለዚህ አማርኛችን አልተሳሳተም። እንግሊዝኛና ጀርመንኛ ናቸው ሌላ ቃል የያዙት። ፈረንሳዩም፣ ጣሊያኑም፣ ሩሲያውም የትንሣኤን በዓል የሚጠራው ከዚያው ከፔሳሕ በመጣ ቃል ነው።

አሁን ዘጸአት 12ን እንደ ገና አንብቢው፣ ግን ቀስ ብለሽ። በጉ ነውር የሌለበት፣ ተባዕት፣ የአንድ ዓመት ይሁን ይላል። በአሥረኛው ቀን ይወሰዳል፣ እስከ አሥራ አራተኛው ይጠበቃል። አራት ቀን ቤት ውስጥ! ልጆቹ ይለምዱታል። ከዚያ ይታረዳል። ደሙ በሂሶጵ ቅጠል ተነክሮ ሁለቱን መቃንና ጉበኑን ይቀባል። ሥጋው በእሳት ተጠብሶ ከቂጣና ከመራራ ቅጠል ጋር ይበላል። አጥንቱ አይሰበርም። የሚበሉትም ወገባቸውን ታጥቀው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ በትራቸውን ይዘው ነው። መንገደኛ ናቸዋ!

ወንጌላዊው ዮሐንስ ይህን ሁሉ በልቡ ይዞ ነው የጻፈው። መጥምቁ ገና መጀመሪያ ላይ ኢየሱስን ሲያየው «የእግዚአብሔር በግ» አለው። መስቀል ላይ ሆምጣጤውን ያቀረቡለት በምን ላይ አድርገው ነው? በሂሶጵ። ወታደሮቹ የሌሎቹን ጭን ሰብረው የሱን ሳይሰብሩ ሲያልፉ፣ ዮሐንስ «አጥንቱ አይሰበርም» የሚለውን ቃል ጠቀሰ። ጳውሎስ ደግሞ ለቆሮንቶስ ሰዎች በአንድ መስመር ጨረሰው፤ ፋሲካችን ክርስቶስ ታርዷል አለ።

ስለዚህ ለባልደረባሽ ጥያቄ የአባቶቻችን መልስ «አዎ ወጥተናል» ነው። ግብፅ የኃጢአት ባርነት፣ ፈርዖን ዲያብሎስ፣ ባሕረ ኤርትራ ጥምቀት። ያኛው ምሳሌው ነው፣ ይህኛው አማናዊው።

ስለ አያትሽ ግን አልዋሽሽም። ቤተ ክርስቲያን ደም መቃን ላይ ቀቡ ብላ አታስተምርም። ሥጋውና ደሙ ቅዳሴ ላይ ነው ያለው። ቤት የምናርደው በግ መሥዋዕት አይደለም፣ መግደፊያ ነው።

ወሎዬው

የኔም አያት ታደርገው ነበር! ግን ለፋሲካ አይደለም። አዲስ ቤት ሲገባ ነው፣ ደፉ ላይ። የኛ ሰው «ለምን?» ሲባል «አባቶቻችን ያደርጉት ነበር» ነው መልሱ፣ አለቀ።

ጥያቄ አያልቅብኝም

ዲያቆን፣ ጥሩ አስረድተሃል። አንድ ነገር ግን አለፍከው።

ኦሪት ውስጥ የፋሲካ በግ የኃጢአት መሥዋዕት አይደለም። ለኃጢአት የሚሆነው ሌላ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ኃጢአቱ የሚሰረይለት በማስተስረያ ቀን ነው፣ ያውም በፍየል። የፋሲካው በግ ሥራው ሌላ ነው፤ ቤቱን ከሞት መጠበቅ፣ ከዚያ መበላት፣ ከዚያ መንገድ። ታዲያ «የዓለምን ኃጢአት የሚያስወግድ በግ» ከየት መጣ?

ሌላም አለኝ። ማቴዎስ፣ ማርቆስና ሉቃስ የመጨረሻውን እራት የፋሲካ እራት ያደርጉታል። ማርቆስ 14፥12 ግልጽ ነው። ዮሐንስ ግን ዓርብ ጠዋት ካህናቱ ገና ፋሲካ አልበሉም ይላል። እንዳይረክሱ ብለው ጲላጦስ ግቢ አልገቡም (18፥28)። የትኛው ነው ልክ?

ዲያቆኑ

የመጀመሪያው ላይ ልክ ነህ፣ አልከራከርም። ግን ሐዋርያት ኦሪትን የሚያነቡት እንደ ጠበቃ በአንቀጽ በአንቀጽ አይደለም። ሦስቱን አንድ ላይ አዩት። የፋሲካውን በግ፣ የማስተስረያውን ቀን፣ እና ኢሳይያስ 53 ላይ ለመታረድ እንደሚነዳ በግ ዝም ያለውን አገልጋይ። ሦስት ወንዝ አንድ ባሕር ገባ በለው።

ሁለተኛው ላይ የኛ ትምህርት ሐሙስ ማታ ጌታ የኦሪቱን ፋሲካ ፈጸመ፣ ከዚያ ሥጋውንና ደሙን ሰጠ ነው።

ጥያቄ አያልቅብኝም

ያ መልስ ሐሙስን ይፈታል፣ 18፥28ን ግን አይፈታም። ይሁን፣ ዛሬ አንጨርሰውም።

ግን የዮሐንስን አቆጣጠር ብትይዘው የሚገርም ነገር ታገኛለህ። ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፍ (ዮሴፈስ የሚሉት) በቤተ መቅደሱ የፋሲካ በጎች የሚታረዱት ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው ይላል። የነሱ ሰዓት የኛው ሰዓት ነው፣ ከጠዋት የሚቆጠር። ስቅለት ለት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምን እንደሚባል አንተ ታውቃለህ። ጌታ ነፍሱን የሰጠው በዘጠኝ ሰዓት ነው። በጎቹ መታረድ በሚጀምሩበት ሰዓት መሆኑ ነው። ፈረንጅ ይህን ለመረዳት ሰዓት ማስላት አለበት። እኛ ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ማየት ብቻ ነው።

የሜሪላንዷ

ወይ ጉድ። ስቅለት ለት ስንት ዓመት ስሰግድ ይህን አላውቅም ነበር።

ሃሌሉያ ከሀዋሳ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ወንጌላዊት ነኝ፣ እንደማትበሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

እኛ ጋ ስለ ፋሲካ ሲሰበክ ሁሌ የሚመጣው አንድ ነጥብ ነው። እግዚአብሔር ደሙን ባየሁ ጊዜ አልፋለሁ ነው ያለው። ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ባየሁ ጊዜ አላለም። ውስጥ ያለው ሰው ፈሪ ይሁን ደፋር፣ እምነቱ ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ ደሙ በሩ ላይ ካለ ያልፋል። ለኔ የፋሲካ ትርጉም ይህ ነው።

ባለፈው ዓመት ደግሞ የኛ ኅብረት የፋሲካ እራት አዘጋጅቶ ነበር። አራት ጽዋ፣ ቂጣ፣ መራራ ቅጠል፣ ሁሉም እንደ አይሁድ። ጌታ በልቶት የነበረውን እራት ቀምሰን ማየት ነበር ሐሳቡ። በጣም ነው የነካኝ። ዲያቆን፣ ይህ ስህተት ነው ትላለህ?

ዲያቆኑ

እህቴ፣ ስለ ደሙ ያልሽው ቆንጆ ነው። ግን ደሙን ቀብተው ቁጭ አላሉም። በጉን በልተውታል። ሳይበሉት የወጣ የለም። እኛ ቁርባን ላይ የምንጸናው ለዚህ ነው።

ስለ እራቱ እኔ ከምመልስ አይሁዳዊ ቢመልስ ይሻላል።

የናታንያው

ስጠራ ሰማሁ መሰለኝ።

እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፣ እስራኤል አገር ናታንያ ነው ያደግኩት። ወላጆቼ ከጎንደር ናቸው። አማርኛዬን ታገሱኝ፣ ከእናቴ ነው የተማርኩት።

እኛም ቤት ስሙ ፋሲካ ነው። እናቴ እንደምትነግረኝ በአገር ቤት በአሥራ አራተኛው ቀን ወደ ማታ በጉ ይታረዳል። የሚያርዱት ቄሶቹ ናቸው። ከዚያ ሰባት ቀን እርሾ የነካው ነገር የለም። እንጀራ የለም፣ ጠላ የለም። ቂጣ ብቻ፣ እሱም ሳይቦካ ቶሎ ቶሎ እየተጋገረ። እስራኤል ስንገባ መሥዋዕቱ ቀረ። ቤተ መቅደሱ እ.ኤ.አ. በ70 ከፈረሰ ወዲህ ሌላው አይሁዳዊ የፋሲካ በግ አያርድም። ዛሬ በግልጽ የሚያርዱት ሳምራውያን ናቸው፣ ገሪዚም ተራራ ላይ። እኛ ጋ አሁን ሳህኑ ላይ የተጠበሰ አጥንት ብቻ ይቀመጣል፣ ለማስታወሻ።

ለሃሌሉያ፦ አልከፋኝም። ግን እወቂው፣ ያ አራት ጽዋ ያለበት ሥርዓት ቅርጹን የያዘው በአብዛኛው ከቤተ መቅደሱ መፍረስ በኋላ ነው። ኢየሱስ የበላው እራት በጉ ያለበት እራት ነው። እናንተ ያዘጋጃችሁት በጉ የጠፋበት ሕዝብ እንዴት እንደቀጠለ የሚያሳይ እራት ነው። ያ ደግሞ የኛ ታሪክ ነው። እንግዳ ሆናችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል። ባለቤት ሆኖ መድገሙ ግን ትንሽ ይከብዳል።

ለሜሪላንዷ ደግሞ፦ ባልደረባሽ «ከግብፅ ወጥታችኋል እንዴ» ያለችሽ በነገር አይመስለኝም። በዚያ ሌሊት የምናነበው አንድ ቃል አለ። በየትውልዱ ሰው ራሱን ከግብፅ እንደወጣ አድርጎ ማየት አለበት ይላል። እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሁሌ ዝም ትላለች። እሷ እ.ኤ.አ. በ1984 በእግሯ ሱዳን ገብታለች። መንገድ ላይ የቀረ ወንድም አላት።

የሜሪላንዷ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር እናትህን ያጽናልህ። ሌላ ምንም ማለት አልቻልኩም።

አወያይ

አንድ መልስ ተሰርዟል። «አይሁድ ጌታን ገድለው ሳለ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ እዚህ ክር ላይ ቦታ የለውም።

ጋሽ ጡረተኛው

አወያይ ደግ አደረግህ። ግን ተሰርዞ ብቻ ማለፍ የለበትም፣ ትንሽ ልበልበት። አርባ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

የክርስቲያን ፋሲካ አንድ ጥቁር ገጽ አለው። ከጥንት ጀምሮ። የሰርዴሱ ኤጲስ ቆጶስ ሜሊቶን በሁለተኛው መቶ ዓመት ስለ ፋሲካ ያደረገው ስብከት አለ። የበጉን ምሳሌ ከሱ የበለጠ አሳምሮ የተናገረ ሰው ጥቂት ነው። ያው ስብከት መጨረሻው ላይ እስራኤልን በአምላክ ገዳይነት ይከሳል። እንዲህ ያለው ክስ በየዘመኑ ተደጋገመ። አውሮፓ ውስጥ የሕማማት ሰሞን ለአይሁድ የፍርሃት ሰሞን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1903 ኪሺኔቭ (የዛሬዋ የሞልዶቫ ዋና ከተማ) ላይ በአይሁድ ላይ ጭፍጨፋው የተነሳው በዕለተ ፋሲካ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1965 የጌታን ሞት በአይሁድ ሁሉ ላይ መጫን አይቻልም ብላ በይፋ አወጀች። የታረደው በግ ራሱ አይሁዳዊ ነበር። እናቱም፣ ሐዋርያቱም። ይህን የረሳ ሰው ዘጸአት 12ን ባያነብ ይሻለዋል።

እግረ መንገዴን አንድ የሚጣፍጥ ነገር ልጨምር። ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ ጥንታውያን ክርስቲያኖች «ፓስካ» ሲሉ ጆሯቸው ላይ «ፓስኬይን» የሚለው የራሳቸው ቃል ያቃጭል ነበር፤ መሰቃየት ማለት ነው። ስለዚህ ፋሲካ ማለት ሕማም ነው ብለው ተረጎሙት። ሜሊቶንም እንደዚያው። የእስክንድርያው ኦሪጀን ግን ቃሉ ዕብራይስጥ ነው፣ ማለፍ ነው፣ የሚያልፈውም ሰው ነው አለ። የዚህ ጽሑፉ ፓፒረስ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1941 ግብፅ ውስጥ ቱራ በሚባል ቦታ ነው። አስቂኙ ነገር ኦሪጀን ከእስክንድርያ የተባረረው በሊቀ ጳጳሱ በድሜጥሮስ ጊዜ መሆኑ ነው። ይህ ድሜጥሮስ ደግሞ የኛ ሊቃውንት ባሕረ ሐሳብን (የአጽዋማትና የበዓላት ማስሊያውን) ደረሰ የሚሉት ራሱ ነው። አንዱ ፋሲካ ምን ማለት እንደሆነ ነገረን፣ ሌላው መቼ እንደሚውል። እርስ በርስ ግን አልተስማሙም።

ጥያቄ አያልቅብኝም

ጋሼ፣ ስለ «መቼ» ካነሱ አይቀር፣ ዘንድሮ ሦስት ፋሲካ ሆነብን። የአይሁድ መጋቢት 23 ማታ ገባ፣ የፈረንጅ መጋቢት 27 ነው፣ የኛ ሚያዝያ 4። ለምን?

ጋሽ ጡረተኛው

ጥንት የባሰ ነበር ልጄ። የታናሽ እስያ ክርስቲያኖች ልክ እንደ አይሁድ በወሩ 14ኛ ቀን ያከብሩ ነበር፣ ማክሰኞም ይሁን ሐሙስ ግድ የላቸውም። ሮም ደግሞ እሑድ ካልሆነ አለች። የሰምርኔሱ ፖሊካርፕ ሽምግልናውን ይዞ ሮም ድረስ ሄዶ ከሮሙ ጳጳስ ከአኒቄጦስ ጋር ተነጋገረ። አልተስማሙም። ግን አብረው ቆርበው በሰላም ተለያዩ። ኋላ እ.ኤ.አ. በ190 ገደማ የሮሙ ጳጳስ ቪክቶር እስያዎችን ላውግዝ ብሎ ሲነሳ የሊዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ኢሬኔዎስ ገሠጸው። በኒቅያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ325 ሁሉም በአንድ እሑድ ያክብር፣ የአይሁድን ቆጠራ አንከተል ተባለ።

የኛ ከፈረንጁ የሚለየው በሌላ ነው። ሁለታችንም በመጋቢት ቀንና ሌሊት እኩል ከሚሆኑበት ዕለት በኋላ የምትመጣውን ሙሉ ጨረቃ እንጠብቃለን፣ ከዚያ የሚቀጥለው እሑድ። እነሱ እ.ኤ.አ. በ1582 የቀን መቁጠሪያቸውን አረሙ። ለኛ ያቺ ድንበር እስከ ዛሬ መጋቢት 25 ናት፣ ለነሱ መጋቢት 12 ላይ ወድቃለች። የጨረቃ ሰሌዳውም ተለያይቷል። ስለዚህ የኛ ፋሲካ ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም።

የዘንድሮውን እናስላው፣ ልጅሽም ይማር። ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ በሚቆጠረው 5500 ዓመት ላይ የዘንድሮውን 2018 ደምሪ፣ 7518። ለ19 አካፍዪ፣ 13 ይተርፋል። «አሐደ አእትት ለዘመን» ይላሉ፣ አንድ ቀንሺ። 12 ወንበር ሆነ። 12ን በ19 አባዢ፣ 228። ሠላሳ ሠላሳውን ግደፊ፣ 18 ይቀራል። ይህ መጥቅዕ ነው። ከ14 ስለሚበልጥ መስከረም ላይ ይውላል። መስከረም 18 ዘንድሮ እሑድ ነበር፣ የእሑድ ተውሳክ (የሚጨመረው ቁጥር) 7 ነው። 18 እና 7፣ 25። ይህ መባጃ ሐመር ነው፣ የነነዌ ጾም የሚገባበት ቀን። ነነዌ ጥር 25 ገባች አይደል? የትንሣኤ ተውሳክ 9 ነው። 25 እና 9፣ 34። ሠላሳውን ግደፊ። ሚያዝያ 4።

መጥቅዕ ማለት ደወል፣ መለከት ነው። የአይሁድን የመለከት በዓል የሚያስታውስ ስም ነው። ኒቅያ የአይሁድን ቆጠራ አንከተል አለ፣ ባሕረ ሐሳብ ግን ሒሳቡን ከአይሁድ መለከት ይጀምራል!

ዲያቆኑ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። እኔ ስማር እንዲህ ቶሎ አልገባኝም ነበር።

አንድ ልጨምር። ቤተ ክርስቲያናችን ጥንተ ቀኑንም አልጣለችም። መጋቢት 27 ጥንተ ስቅለት ነው፣ መጋቢት 29 ጥንተ ትንሣኤ። ጾም ላይ ስለሚውል የመድኃኔ ዓለምን በዓል ጥቅምት 27 በድምቀት እናከብረዋለን። ስለዚህ አራተኛ ፋሲካ አለን በሉ።

ወሎዬው

ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ነገር አሳቀኝ። እኛ «ፍስክ» የምንለው ቃል ከፋሲካ የመጣ ነው አይደል? ሆቴል ገብተህ «የጾም ነው የፍስክ?» ስትባል፣ ፍስክ ማለት ቅቤና ሥጋ ማለት ሆኗል። ከግብፅ የወጣው ሕዝብ በረሃ ላይ የናፈቀው ምን ነበር? የሥጋ ምንቸት። ጉዳችን።

ሃሌሉያ ከሀዋሳ

ሃሃ፣ ወሎዬው አበቃለት።

የናታንያው ወንድሜ፣ ያልከውን ለመጋቢያችን አነበብኩላቸው። ዘንድሮ እራቱ ይቀራል መሰለኝ። ካልቀረም ስሙን ይቀይሩታል። በቅንነት ነው ያደረግነው፣ ግን ባለቤትና እንግዳ ያልከው ከጭንቅላቴ አልወጣም።

የሜሪላንዷ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሁለት ዜና አለኝ።

ለባልደረባዬ ነገርኳት። እናንተ ሞት በበራችሁ ያለፈበትን ሌሊት ታከብራላችሁ፣ እኛ ደግሞ አንዱ ሞት ውስጥ ገብቶ በሌላው በር የወጣበትን ሌሊት አልኳት። የኛው እናንተ ባትኖሩ አይነበብም ነበር አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ይህን ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አለች። የማጻ (የነሱ ቂጣ) ፓኬት ሰጠችኝ። ዘይት የለውም፣ ወተት የለውም፣ ለጾም ይሆናል። ልጄ ግን ካርቶን ካርቶን ይላል ብሎ ተወው።

ሁለተኛው፣ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስለ አያቴና ስለ ደሙ ጠየቅኳት። ስትስቅ ቆይታ «እኔ ጠይቄያት አላውቅም። እሷም እናቷን የጠየቀች አይመስለኝም» አለችኝ። «ማን ነው አሁን የጠየቀሽ?» አለችኝ። ልጄ አልኳት። ስልኩን ስጪው አለችኝና ግማሽ ሰዓት አወሩ። ምን እንዳለችው አይነግረኝም።

ዲያቆኑ

ዘጸአት 12፥26ን ክፈቺው። «ልጆቻችሁ፦ ይህ አምልኮ ምንድን ነው? ባሏችሁ ጊዜ» የሚል አለ።

የሜሪላንዷ

አየሁት። አሁን ገባኝ።

በሉ የመጨረሻ ጥያቄ። ለጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ልሠራ ነው። ቂጣውና ጉልባኑ እስራኤል በችኮላ ሲወጡ የበሉትን ያስታውሳል ብዬ ለልጄ ነግሬዋለሁ፣ ስለዚህ ማምለጫ የለኝም። የተከካ ባቄላ እዚህ ሰፈር አጣሁ። የቆርቆሮው ይሆናል?

ወሎዬው

እህቴ፣ የቆርቆሮው ይፈርስብሻል። ደረቁን ግዢና ማታውኑ ዘፍዝፊው። ጠዋት ገለባውን ላጪው፣ ስንዴውን ለብቻ ቀቅዪው፣ ኋላ ነው የሚቀላቀለው።